ቅርስን መጠበቅና ቅርስን መክፈት

በአገራችን ጥንታዊ ልማድ የከበረ ዕቃ ሁሉ ጠባቂ አለው። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚገኘውን መጽሐፍ፥ መስቀልና አልባሳት አጥርቶ የሚያውቀው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው፤ ለማን እንደሚያሳይ፥ መቼ እንደሚያሳይ፥ ለማንም እንደማያሳይ የሚወስነው እርሱ ነው። ይህ ልማድ ብዙ መጻሕፍትን ከእሳት፥ ከጦርነትና ከሌባ አድኖልናል፤ ከአባያ ሐይቅ አጠገብ እንደ ብርብር ማርያም ያሉት ጥንታውያን አድባራት ንዋየ ቅድሳታቸውን እስከ ዛሬ ያቆዩት በዚሁ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ የጠባቂን ሞያ የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም። ነገር ግን ዘመናዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር በአገራችን ሲቋቋሙ ከዚሁ የጠባቂነት መንፈስ ጋር ስለ ተወለዱ፥ ሠራተኞቻቸውም ከሁሉ አስቀድመው የተማሩት መጠበቅን ነው። መክፈትን የተማሩት ዘግይተው ነው፤ በብዙ ስፍራም ትምህርቱ ገና አልተጀመረም። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የመክፈት ትምህርት ነው። ምሳሌ አድርገን የያዝነውም አርባ ምንጭንና የጋሞን ምድር ነው።

በቀድሞው አጠራር ጋሙ ጎፋ ይባል የነበረው ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማው በደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። የአስተዳደሩ መንበር ወደ ቈላው ወርዶ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ወደ ተመሠረተችው ወደ አርባ ምንጭ የተዛወረው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ግዛቱ ስሙንም ወሰኑንም ደጋግሞ ለውጧል፤ ክፍለ ሀገር ሆነ፥ ሰሜን ኦሞ ተባለ፥ ጋሞ ጎፋ ተባለ፤ በ2011 ዓ.ም. የጋሞ ዞን ለብቻው ቆመ። መንበር በተዛወረ ቍጥር መዝገብ ይዛወራል፤ መዝገብም በተዛወረ ቍጥር ከውስጡ ጥቂት መጕደሉ አይቀርም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ታሪክ ካላወቀ የ1940ዎቹን ደብዳቤ በየትኛው ስም እንደሚፈልግ እንኳ ሊያውቅ አይችልም።

ጋሞዎች ግን ከመዝገቡም ከቤተ መዘክሩም በፊት ነገራቸውን የሚያኖሩበት ስፍራ ነበራቸው። ይህም ዱቡሻ የሚባለው የሸንጎ አደባባይ ነው። ዱቡሻ ጣራ የለውም፥ በር የለውም፥ ቁልፍም የለውም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ነገሩን ይከፍታሉ፤ ተናጋሪው ተራውን ጠብቆ ይነሣል፤ የወሰን ክርክር፥ የደም ዕርቅ፥ የአገር ሕግ ሁሉ የሚነገረውና የሚታወሰው በዚያ ነው። ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ ከአርባ ምንጭ ብዙ በማይርቀው በኦቾሎ አለት ላይ ተቀምጦ ይህን ሸንጎ ካጠና በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1983 በፓሪስ አንድ መጽሐፍ አሳትሞበታል። ልማዱም በመጽሐፍ ብቻ ያለ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ደረሰው ጥፋት የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ሣሩን ተሻግረው አልሄዱም። አንድ የቤተ መዘክር ሠራተኛ ያን ሣር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው ምን ብሎ ይጽፍበታል? ሣሩ ያለ ሽማግሌው፥ ሽማግሌውም ያለ ዱቡሻው ትርጕም የላቸውምና፥ የሠራተኛው ትምህርት ከዕቃው አልፎ እስከዚያ ድረስ መዝለቅ አለበት።

ነገር ግን ዱቡሻን ከመጠን በላይ ማመስገንም አይገባም። በር የሌለው አደባባይ ለሁሉ የተከፈተ ነው ማለት አይቻልም። በጋሞ ልማድ ማላ የሚባለው ባለ መሬት ገበሬው ነው፤ ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎቹ፥ ደጋላ የሚባሉት ቆዳ አልፊዎቹና ብረት ሠሪዎቹ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በሸንጎው እንደ ማላው እኩል የመቀመጥና የመናገር መብት አልነበራቸውም፤ ሴቶችም እንዲሁ። እንግዲህ አንድ ስፍራ ያለ ቁልፍም ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ስለ መክፈት ስንናገር በሩን ብቻ ሳይሆን በበሩ ፊት ቆሞ የሚያፍረውንም ሰው ማሰብ ይገባናል።

አሁን ወደ አገሪቱ ታሪክ እንመለስና ሠራተኛው እንዴት እንደ ሠለጠነ እንይ። ወመዘክር እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው ከጠላት ወረራ በኋላ፥ በ1936 ዓ.ም. ነው፤ የብሔራዊ ቤተ መዘክሩም መነሻ በዚያው ዘመን የተሰበሰቡት የክብር አልባሳትና ልዩ ልዩ ዕቃዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ ሆነው የመጡት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ከመጻሕፍቱ ጎን መስቀል፥ ሥዕልና የቤት ዕቃ ይሰበስቡ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዲሬክተርነት ሲከፈት፥ ይህ ስብስብ የተቋሙ ቤተ መዘክር ሆነ። በ1958 ዓ.ም. የጥንታውያን ቅርሶች አዋጅ ወጣ። የእነዚህ ሁሉ ሥራ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ትኵረቱ መሰብሰብ፥ መመዝገብና ከመውጣት መከልከል ነበር። ቅርስ በሻንጣ ከአገር በሚወጣበት ዘመን ከዚህ ሌላ ምን ሊታሰብ ይችል ነበር?

የሞያውም ትምህርት ከውጭ የመጣው በዚሁ መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኔስኮ ርዳታ በናይጄርያ በጆስ ከተማ የቤተ መዘክር ሠራተኞች ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በማከሬሬ የምሥራቅ አፍሪካ የቤተ መጻሕፍት ሞያ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ከ1986 እስከ 2000 ድረስ ደግሞ መቀመጫው በሮም የሆነው የቅርስ እንክብካቤ ድርጅት ኢክሮም፥ ፕሬማ በተባለው ፕሮግራሙ የአፍሪካን ቤተ መዘክር ሠራተኞች አስተማረ። የፕሬማ ስም ራሱ ጥፋትን አስቀድሞ መከላከል የሚለውን ሐሳብ ይዟል። ነቀዝን፥ አቧራን፥ ብርሃንን፥ እርጥበትን እንዴት እንደሚከላከሉ፥ ከሁሉም በፊት በግምጃ ቤት ያለውን ዕቃ እንዴት ቈጥረው እንደሚመዘግቡ ሠራተኞቹ በዚያ ተማሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትም የቤተ መጻሕፍትን ሞያ ወደ ከፍተኛ ደረጃ አወጣው።

ስለ መጽሐፍ መዝገብ ከተነሣ አንድ ነገር በጎን ብናስታውስ አንባቢ አይቀየመንም። ከውጭ የመጣው የካርድ አመዘጋገብ የደራሲን የቤተሰብ ስም ያስቀድማል፤ በእኛ አገር ግን አባት የልጁ ስም ተከታይ እንጂ መሪ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» በሚለው ስር የሚፈልግ ተማሪ በውጭው ካታሎግ ምናልባት ያገኛቸዋል፤ በራሱ አገር ልማድ ግን አያገኛቸውም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ እያለ ለአንባቢው የሚጠፋው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

መክፈት የሚለው ቃል በዓለም ሕግጋት ውስጥ የቆየ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ ቤቱ ለሁሉ እኩል እንዲከፈት ይጠይቅ ነበር። ዓለም አቀፉ የቤተ መዘክሮች ማኅበር ግን ተደራሽነትንና አካታችነትን በቤተ መዘክር ትርጕም ውስጥ በግልጽ የጻፈው በ2022 በፕራግ ባደረገው ጉባኤ ነው። በእኛም አገር የሕንፃ አዋጁ በ2001 ዓ.ም. የሕዝብ መገልገያ ቤቶች ለአካል ጕዳተኞች እንዲመቹ አዘዘ፤ በ2002 ዓ.ም. የአካል ጕዳተኞች መብት ስምምነት ጸደቀ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ አገራችን መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ እንዲባዙ የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት ተቀበለች። ሕጉ አለ ማለት ነው። የጐደለው ሕጉን በመደርደሪያው፥ በደረጃውና በመግለጫ ጽሑፉ ላይ የሚያውለው የሠለጠነ እጅ ነው።

ይህ እጅ በጋሞ ምድር ምን ምን ማወቅ ይኖርበታል? በመጀመሪያ ስለ ጋሞ የተጻፈው የት እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል። ከ1942 እስከ 1944 ዓ.ም. ገደማ የፍራንክፉርቱ የፍሮቤኒዩስ ተቋም ተመራማሪዎች፥ እነ አዶልፍ የንዘን፥ ኤይከ ሃበርላንድና ሄልሙት ሽትራውበ፥ ደቡብ ኢትዮጵያን ዞረው ፎቶግራፍ አነሡ፥ ሥዕል ሣሉ፥ ማስታወሻ ያዙ። የሽትራውበ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1963 በጀርመንኛ ታተመ። ከዚያ በኋላ ዳን ስፐርበርና ዣክ ቢሮ በፈረንሳይኛ፥ ጁዲት ኦልምስቴድና ዴና ፍሪማን በእንግሊዝኛ ጻፉ። የዶርዜ ሰዎች ድምፅ ከድምፅ ላይ እየደራረቡ የሚዘፍኑት ዘፈን በፓሪስ በሸክላ ታትሞ ወጥቷል። የጨንቻ ተማሪ ግን የአያቱን ፎቶግራፍ ለማየት ጀርመንኛ፥ የመንደሩን ሸንጎ ሥርዓት ለማንበብ ፈረንሳይኛ ማወቅ አለበት። በዚህ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ሥራ መጽሐፉን መደርደር ብቻ አይሆንም፤ በውስጡ ያለውን በአገሩ ቋንቋ አሳጥሮ መንገር፥ ስሞቹን ማረም፥ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳያልፍ ጠይቆ መጻፍ ነው። እኛ እንደሚመስለን ከሁሉ የሚያስቸኵለው ይህ የመጨረሻው ነው።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው፤ በዚህም ረገድ ደቡቡ መራራ ትምህርት አለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከወላይታ፥ ከጋሞ፥ ከጎፋና ከዳውሮ ስሞች የፊት የፊቱን ፊደል አገጣጥሞ «ወጋጎዳ» የተባለ የተደባለቀ የመማሪያ ቋንቋ ተፈጠረ፤ መጻሕፍትም ታተሙበት። ሐሳቡ ወጪን ለመቈጠብና ተቀራራቢ ቋንቋዎችን ለማስተባበር ነበር። ይሁን እንጂ በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ብርቱ ቍጣ ተነሣ፥ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ፤ ብዙ ሳይቆይም የሰሜን ኦሞ ዞን ራሱ ተከፋፈለ። ሰው በማይናገረው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ምንም ያህል ቢታደል የተከፈተ መጽሐፍ አይደለም። ዛሬ ጋሞኛ በላቲን ፊደል እየተጻፈ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ እንግዳው እንግሊዝኛ ይጠይቃል። በአንድ ዕቃ ሥር ሦስት ጽሑፍ በሁለት ፊደል ማስፈር ለሠራተኛው ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ የደጋው ሽማግሌ ከሦስቱ አንዱንም ላያነብ ይችላል፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው የሚናገር ሰው ነው።

ሦስተኛው፥ የቃል ምርጫ ነው። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው አማርኛችን «ፋቂ»፥ ብረት የሚሠራውን «ጠይብ» ሲል ኖሯል፤ ሁለቱም ስድብ ሆነው ቆይተዋል። «ጠይብ» ከጥበብ ጋር ዘመድ የሆነ ቃል ሆኖ ሳለ ወደ ስድብነት መውረዱ የሚገርም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በእጅ ሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። አንድ ሠራተኛ ይህን ሳያስብ «የፋቂዎች መሣሪያ» ብሎ ቢጽፍ፥ የደጋላ ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር መጥቶ በዚያ ሣጥን ፊት ሲቆም ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ያ ልጅ ተመልሶ አይመጣም። የአካል ጕዳተኛውን ደረጃ እንደሚያስቀረው ሁሉ እርሱን ቃል ያስቀረዋል።

የደጋላ ሞያ ደግሞ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ እጅግ የተደነቀ ነው። በብዙ አገር የድንጋይ መሣሪያ የሚገኘው በቁፋሮ ብቻ ሲሆን፥ በጋሞ ደጋ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ድንጋዩን ራሳቸው እየጠረቡ፥ በእንጨት እጀታ ላይ እየሰኩ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ሠርተውበታል። አሜሪካዊቷ የከርሰ ምድር ተመራማሪ ካትሪን አርተር ከቦሬዳ ባለ ሞያዎች ጋር ብዙ ዓመት ሠርታ፥ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚሁ አንድ መጽሐፍ አሳትማለች። ከዚያ የምንማረው ድንጋዩ ለባለ ሞያው ዝም ያለ ነገር እንዳልሆነና እንደ ሰው ተወልዶ፥ አድጎ፥ ሠርቶ፥ አርፎ የሚኖር መሆኑን ነው። በኮንሶ ይህን ሥራ ሴቶች ይሠራሉ፤ በጋሞ ግን ወንዶች ናቸው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች የጋሞ ሽማግሌዎች ወደ አሳዩአቸው ወደ ሞታ ዋሻ ገብተው በ2004 ዓ.ም. ሲቆፍሩ፥ ድንጋይ ከተከመረበት መቃብር ሥር 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው የአንድ ሰው አፅም አገኙ። ስሙንም በአገሩ ቋንቋ «ባይራ» አሉት፤ በኵር ማለት ነው። ከውስጠኛው የጆሮ አጥንት የተወሰደው ዘረ መል ተነብቦ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ከአፍሪካ ምድር ሙሉው የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ዘረ መል ይህ ነው። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች አብልጦ የሚቀርበውም ከአሪዎች፥ ከእነርሱም መካከል ከብረት ሠሪዎቹ ጋር ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ከምዕራብ እስያና ከአውሮፓ ወገን ተመልሶ የገባ ዘር በአፍሪካ ሁሉ ተሠራጭቷል የሚል ሐሳብ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተመራማሪዎቹ በሒሳቡ አሠራር ላይ ስሕተት እንዳለ አግኝተው ያን ክፍል በይፋ አረሙት።

ስለዚህ ነገር ትንሽ ብንቆይ ይገባል። የመጀመሪያው ዜና በጋዜጣ ሁሉ ተነግሮ ነበር፤ እርማቱን የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነው። የመግለጫ ጽሑፍ የሚጽፍ ሠራተኛ የሳይንስን መጽሔት ማንበብ ባይችል እንኳ፥ የሚያነብለት ሰው ማን እንደ ሆነ ሊያውቅና የለጠፈውንም ወረቀት አንሥቶ በሌላ ሊለውጥ ይገባዋል። በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸ መግለጫ ያምራል፤ አይታረምም። ከሁሉም በላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ የብረት ሠሪው ዝምድና ለበኵሩ ሰው የቀረበ መሆኑ ሲነገር፥ ብረት ሠሪን ሲንቅ በኖረ አገር ውስጥ ይህ ቃል እንዴት ይነገራል? በጥንቃቄ ከተነገረ ክብርን ይመልሳል፤ በቸልታ ከተነገረ ግን አዲስ መለያያ ይሆናል። እንዲህ ያለውን አነጋገር የሚያስተምር ትምህርት በግምጃ ቤት አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

ስለ አካል ብዙ አንናገርም፤ ነገሩ ግልጽ ነውና። አርባ ምንጭ ሴቻና ሲቀላ የሚባሉ፥ አንዱ በላይ አንዱ በታች የሆኑ ሁለት ክፍሎች ያሏት ከተማ ናት፤ በመካከላቸው አቀበት አለ። በሴቻ የሚከፈት ቤት በሲቀላ ለሚኖር በክራንች ለሚሄድ ሰው ከበሩ ደረጃ በፊት የመንገዱ ዳገት ይዘጋበታል። ለዓይነ ስውሩም ቢሆን መስታወት ሁሉ ግድግዳ ነው። የጋሞ ቅርስ ግን አብዛኛው በእጅ የሚታወቅ ነው፤ የሸማኔው መወርወሪያ፥ ድሩና ማጉ፥ የዱንጉዛው ጥለት ውፍረት፥ እንደ ቅርጫት የተጠለፈው የዶርዜ ቤት ቀርክሃ ሁሉ ቢዳሰሱ ይናገራሉ። መቼም ዓይናቸው የማያይ የቅኔና የዜማ መምህራን በጆሮና በቃል ብቻ ሊቅ ሆነው ደቀ መዛሙርት ባፈሩበት አገር፥ ዓይነ ስውር በቤተ መዘክር ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነው። ለዳሰሳ የሚሆን ቅጂ በአገሩ ባለ ሞያ ማሠራት፥ የብሬል መግለጫ ማዘጋጀት፥ ዋናውን ዕቃ ከመነካካት መጠበቅ፤ እነዚህ ሦስቱ አብረው የሚማሩ ነገሮች ናቸው።

ለዚህ ሥልጠና የሚሆን ስፍራ አልጠፋም። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው የአርባ ምንጭ ትምህርት ቤት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአጎራባች ያሉትም ምሳሌዎች ሩቅ አይደሉም፤ በጂንካ እ.ኤ.አ. በ1993 የደቡብ ኦሞ የጥናት ማእከልና ቤተ መዘክር ተቋቁሟል፤ በኮንሶም ከሌባ እጅ የተመለሱት የዋካ ሐውልቶች በካራት በተሠራ ቤት ተቀምጠዋል። የኮንሶው ነገር በተለይ የሚያስተምረን፥ የተሰረቀው ምስል ሲመለስ ወደ መቃብሩ መመለስ ስላልተቻለ፥ ቤተ መዘክሩ ከአገሩ ሰው መካከል መቆሙ ነው። ከሞታ የወጣው አፅም ግን በቁፋሮ እንደ ተገኙት ሌሎች ቅርሶች ሁሉ የመጣው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቋንቋ ከሚነገርበት ደጋ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

አስተማሪውን በተመለከተ ግን የእኛ አሳብ ከተለመደው ይለያል። ከውጭ የሚመጣው ሊቅ ስለ ብርሃንና ስለ እርጥበት ያስተምር፤ የሕግ ዐዋቂው ስለ አዋጁ ያስተምር። ስለ ዕቃው ግን የሚያስተምረው ዕቃውን የሠራው ሰው ይሁን፤ አበልም እንደ ሌሎቹ አስተማሪዎች ይከፈለው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ተቀምጠው የአገሩን ሁሉ ጥበብ የሚሸምኑት የዶርዜ ሰዎች ስለ ጥለት የሚያውቁትን ማንም የቤተ መዘክር ሠራተኛ በመጽሐፍ አላገኘውም። የቦሬዳም ቆዳ አልፊ ሁለት ዓይነት እጀታ ያውቃል፤ አንደኛው ዙቃኖ ይባላል፥ በሁለት ጎኑ ድንጋይ በሙጫ ተጣብቆ ይሰካበታል፤ ሁለተኛው ቱቱማ ይባላል፥ ድንጋዩ ያለ ሙጫ በአንድ ጫፉ ይገባበታል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ስማቸውን መጻፍ ለማንም ይቻላል። ድንጋዩ መቼ እንደ ደነዘዘ፥ ስንት ጊዜ እንደሚሳል፥ ሥራውን ጨርሶ ሲጣልም የት እንደሚጣልና ለምን በዚያ እንደሚጣል የሚናገሩት ግን ከአባቶቻቸው የተማሩት ባለ ሞያዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም አብዛኞቹ ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል።